ክረምት ከየት ይመጣል? በእንጨት፣ በሁለት ሳህንና በስልክ እንከታተለው

ሐምሌ ሲገባ አዲስ አበባ ላይ ጋቢ ያልደረበ ወይ ጃኬት ያልቆለፈ የለም። ሁሉም ፀሐይ የራቀች ይመስለዋል። አልራቀችም። በዚያ ሰሞን ቀትር ላይ ከአናታችን ብዙም ፈቀቅ አትልም፣ ደመናው ነው የጋረዳት። ታህሳስ ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ ቆዳ የምትለበልበዋ ፀሐይ ግን በዓመቱ ውስጥ ዝቅ ባለው መንገዷ ላይ ናት።

ግራ ያጋባል አይደል? ይቺን ነገር ከያዛችሁ ግን ብዙ ነገር ይከተላል። ቦረና ለምን በዓመት ሁለቴ እንደሚዘንብ፣ ኦጋዴን ለምን ሐምሌ ላይ እንደሚደርቅ፣ ፓስፊክ ውቅያኖስ ሲሞቅ ለምን የወሎ ገበሬ እንደሚቸገር። ከትምህርት ቤት ሥዕል ይልቅ በእጃችሁ ብታዩት ይሻላል ብዬ ነው ይሄን የምጽፈው። የሚያስፈልገው አንድ ቀጥ ያለ እንጨት፣ ሁለት ሳህን፣ አንድ ባዶ ጣሳና ስልክ ነው።

እንጨቱን ትከሉ

አንድ ሜትር የሆነ ዘንግ ፈልጉ። የመጥረጊያ እንጨት ቆርጣችሁም ይሆናል። ጊቢ ከሌላችሁ ሰገነት ላይ ባልዲ ውስጥ አሸዋ ሞልታችሁ አቁሙት። ቀጥ ማለቱን በቱምቢ አረጋግጡ። ቱምቢ ከሌለ ክር ላይ ድንጋይ ማንጠልጠል ይበቃል። ከተዘመመ ልኬቱ ዋጋ የለውም።

ሰዓቱ ላይ ተጠንቀቁ። ፀሐይ አዲስ አበባ ላይ ከፍተኛው ቦታዋ የምትደርሰው ልክ 6 ሰዓት ላይ አይደለም። የአገሪቱ ሰዓት የተቀመጠው ለ45 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ነው፣ ከተማዋ ያለችው ግን 39 ሊሞላ ትንሽ የቀረው ላይ ነው። ስለዚህ ቀትሩ በአማካይ 6፡25 አካባቢ ይውላል፣ እንደ ወሩም ከ6፡10 እስከ 6፡40 ባለው ውስጥ ወዲያ ወዲህ ይላል። ቀላሉ ዘዴ ከ6፡00 ጀምሮ በየአምስት ደቂቃው የጥላውን ጫፍ በጠመኔ ምልክት ማድረግና አጭሩን መውሰድ ነው።

አዲስ አበባ ላይ የምታገኙት ይሄን ይመስላል። ታህሳስ 12 አካባቢ ጥላው ወደ ሰሜን ይወድቃል፣ ርዝመቱም ወደ 63 ሳንቲ ሜትር ነው። ሰኔ 14 አካባቢ ደግሞ ወደ ደቡብ ይዞራል፣ 26 ሳንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ይሆናል። አዎ፣ ይዞራል። ፀሐይ ከእኛ አልፋ ወደ ሰሜን ሄዳለች ማለት ነው። በመሃል ሁለት ቀን እንጨቱ ጥላ የለውም ማለት ይቻላል፦ ሚያዝያ 5 እና ነሐሴ 24 አካባቢ። የነሐሴው በደመና ምክንያት ላይታይ ይችላል፣ የሚያዝያውን ግን እንዳያመልጣችሁ።

ውጭ አገር ያላችሁም ሞክሩት። ዋሽንግተን ዲሲ ታህሳስ ላይ ጥላው ወደ 1.9 ሜትር ይረዝማል፣ ስቶክሆልም ላይ ወደ 8 ሜትር ይጠጋል፣ ፀሐይ ከታየች። ሰኔ ላይ ግን የዋሽንግተኑ ጥላ ከአዲስ አበባው ጋር እኩል ለማለት ትንሽ ነው የሚቀረው፣ ቀኑ ደግሞ ወደ 15 ሰዓት ይረዝማል።

የጥላው ርዝመት የሚነግራችሁ የጉልበት ነገር ነው። ከከባቢ አየር በላይ፣ ፀሐይን ፊት ለፊት በሚያይ እያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ 1,361 ዋት ያህል ያርፋል። ከዚህ ሠላሳ ከመቶው ገደማ በደመና፣ በበረዶና በአሸዋ ተንጸባርቆ ይመለሳል። የቀረው ምድርን ያሞቃል። ጨረሩ ሲያጋድል ያው ጉልበት ሰፋ ያለ መሬት ላይ ይበተናል፣ ስለዚህ ጥላው በረዘመ ቁጥር መሬቱ የሚደርሰው ያንሳል። ርቀት አይደለም ጉዳዩ። ምድር ለፀሐይ በጣም የምትቀርበው ጥር ሊገባ ሲል ነው፣ አውሮፓ በብርድ ሲንቀጠቀጥ።

አሁን ካርታ ክፈቱ። ፀሐይ ሞያሌ አናት ላይ የምትሆነው መጋቢት 20 አካባቢና መስከረም 4 አካባቢ ነው። መቀሌ ላይ ግን ሚያዝያ 18 እና ነሐሴ 10 አካባቢ። የሞያሌዎቹ ሁለት ቀናት በመሃላቸው አምስት ወር ተኩል አለ፣ የመቀሌዎቹ ግን ወደ ሦስት ወር ተኩል ብቻ። ቦረና ሁለት የተለያዩ የዝናብ ወቅቶች ያሉት፣ አንዱን ጋና ሌላውን ሃጋያ የሚለው፣ ሶማሌም ጉ እና ደይር የሚለው በዋናነት ለዚህ ነው። ወደ ሰሜን ስትወጡ ሁለቱ እየተቀራረቡ ዋናው ዝናብ አንድ ክረምት ላይ ይጠራቀማል። ተራራውም፣ የባሕሩም ሁኔታ ጣልቃ ስለሚገባ ነገሩ እንደ ሰዓት አይሄድም፤ የወሎ በልግ ራሱ ከዚህ ቀላል ሥዕል ትንሽ ያፈነግጣል። አጥንቱ ግን ይሄ ነው።

አፈርና ውሃ

ሁለት አንድ ዓይነት ሳህን ውሰዱ። አንዱ ላይ ደረቅ አፈር፣ ሌላው ላይ በዚያው ልክ ውሃ። ጥላ ሥር አቆይታችሁ ሁለቱም እኩል ሲሆኑ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ፀሐይ ላይ አውጧቸው። በየሰዓቱ ለኩ። የትኩሳት መለኪያ እንዳትጠቀሙ፣ 42 ዲግሪ ላይ ያበቃል፣ አፈሩ ደግሞ ያንን በቀላሉ ሊያልፍ ይችላል፤ የመስታወቱ ዓይነት ከሆነ ይሰበርባችኋል። የወጥ ቤት ቴርሞሜትር ካለ ጥሩ ነው። ከሌለ ጣታችሁ በቂ ነው፣ ልዩነቱ ትንሽ አይደለም።

7 ሰዓት ላይ የአፈሩ ገጽ ያቃጥላል። ውሃው ለብ ብሏል። አሁን አፈሩን በጣታችሁ ቆፈር አድርጉት፦ ሁለት ሳንቲ ሜትር ዝቅ ሲባል ቀዝቀዝ ይላል። ሙቀቱ ላይ ላዩን ነው የቀረው። ውሃው ግን ብርሃን ወደ ውስጥ ያስገባል፣ ይዋሃዳል፣ የተወሰነውን ጉልበት ደግሞ ለትነት ያውለዋል፤ በዚያ ላይ አንድ ኪሎ ውሃን አንድ ዲግሪ ለማሞቅ ለአንድ ኪሎ ደረቅ አፈር ከሚያስፈልገው አምስት እጥፍ ገደማ ሙቀት ይጠይቃል። ማታ 2 ሰዓት ላይ ተመለሱና ንኩ። አፈሩ ከቀትሩ ሙቀት በጣም ወርዷል፣ ውሃው የወረደው ከእሱ ያነሰ ነው።

የዓለምን አየር ከሚያንቀሳቅሱት ነገሮች አንዱ ይሄ ልዩነት ነው። ከምድር ገጽ 71 ከመቶው ባሕር ነው። የውቅያኖሱ የላይኛው ሦስት ሜትር ብቻ መላው ከባቢ አየር የያዘውን ያህል ሙቀት መያዝ ይችላል። ስለዚህ ባሕር ዘግይቶ ይሞቃል፣ ዘግይቶ ይበርዳል፣ የሰበሰበውን ደግሞ ወራት ቆይቶ ይሰጣል። ዝናቡ ከፀሐይዋ ኋላ ኋላ የሚከተለው፣ ፀሐይ ሚያዝያ ላይ አልፋን ክረምቱ የሚበረታው ሐምሌና ነሐሴ ላይ የሆነው አንዱ ምክንያት ይሄ መዘግየት ነው።

ነፋሱን ያዙ

ባሕር ዳር ወይ ሐዋሳ ያላችሁ ዕድለኞች ናችሁ። ሐይቅ ዳር አንድ ቀላል ጨርቅ እንጨት ላይ እሰሩ። ደመና በሌለበት ቀን፣ ከቀትር በኋላ መሬቱ ሲግል በላዩ ያለው አየር ሞቆ ይነሳል፣ ቦታውን ለመሙላት ከሐይቁ ቀዝቃዛ አየር ይመጣል፤ ጨርቁ ወደ ከተማው ይውለበለባል። ሌሊት ይገለበጣል። መሬቱ ፈጥኖ ስለቀዘቀዘ ነፋሱ ወደ ሐይቁ ይሄዳል። ጠዋት ማልዳችሁ ካያችሁት ቀሪውን ትይዙታላችሁ። ጠንካራ ነፋስ ባለበት ቀን ግን አይሠራም፣ ትልቁ ነፋስ ትንሿን ይውጣታል።

ይሄንኑ ነገር አሁን በአህጉር መጠን አስቡት። ሰኔ ላይ ሕንድ፣ ፓኪስታንና አረቢያ እንደዚያ አፈር ሳህን ይግላሉ። ከማዳጋስካር በስተምሥራቅ ያለው የደቡብ ሕንድ ውቅያኖስ ደግሞ ያኔ የብርድ ወራቱ ነው፣ አየሩ ከብዶ ይቀመጣል። ከከባዱ ወደ ቀላሉ ነፋስ ይነሳል። መጀመሪያ ወደ ምዕራብ ይነፍሳል፣ ኬንያ ጋ ከምሥራቅ አፍሪካ ከፍታ ጋር ሲጋጭ እንደ ግድግዳ ይገታዋል፣ የምድር ወገብን ተሻግሮ በሶማሊያ ጠረፍ ይሾልካል። ምድር ስለምትሽከረከር ከምድር ወገብ ወዲህ ያለ ነፋስ ወደ ቀኝ ይታጠፋል፤ ስለዚህ ወደ ሕንድ ይዞራል። መሬት ለመሬት በጣም ጠንካራ ከሚባሉት የዓለም ነፋሶች አንዱ ነው፣ ከአንድ ሺህ ተኩል ሜትር ከፍታ አካባቢ በሰዓት ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ ይጋልባል።

ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ጋ ነው። ይሄ ነፋስ ከሕንድ ውቅያኖስ ውሃ ተሸክሞ በኦጋዴን ጫፍ ያልፋል ግን አይዘንብም። ሮጦ ያልፋል፣ ወደ ላይ የሚያነሳው የለም። በዚያ ላይ የሶማሊያን ባሕር ገጽ ውሃ እየገፋ ከጠረፉ ስለሚያርቀው ከሥሩ ቀዝቃዛ ውሃ ይወጣል፣ ቀዝቃዛ ባሕር ደግሞ ትነቱ አነስተኛ ነው። ለዚህ ነው ምሥራቃችን ሐምሌ ላይ ደረቅና ነፋሻ የሚሆነው። የደጋው ዝናብ ውሃ ከብዙ አቅጣጫ የተለቃቀመ ነው፦ ከምዕራብና ከደቡብ ምዕራብ በኮንጎ ደን በኩል፣ ከቀይ ባሕር አካባቢ፣ ከሕንድ ውቅያኖስም። ኢሉባቦርና ጅማ ከሁሉ የሚበልጥ ዝናብ የሚጠጡት ከምዕራብ የሚመጣውን ቀድመው ስለሚቀበሉት ነው።

ኦማን ያላችሁ ደግሞ የዚያኑ ነፋስ ሌላ መልክ ታውቃላችሁ። ሰላላ ከሰኔ መጨረሻ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ ጭጋግ ለብሳ አረንጓዴ የምትሆነው፣ ሙስካት እሳት ስትተፋ፣ በዚህ ነፋስና ባወጣው ቀዝቃዛ ውሃ የተነሳ ነው። ከባሕረ ሰላጤው ሁሉ ሰው ለእረፍት የሚጎርፍላት "ኸሪፍ" እሱ ነው።

ደመናው ላይ አንጋጡ

ሐምሌ ላይ አንድ ሙሉ ቀን ሰማዩን ተመልከቱ። ጠዋት ብዙ ጊዜ ይገልጣል፣ ፀሐይዋ ታቃጥላለች። 4 ሰዓት ላይ ነጫጭ ደመና ተራራ ተራራው ላይ ይበቅላል፣ እንጦጦ ላይ ጥሩ ይታያል። 7 ሰዓት ላይ ከሥሩ ይጠቁራል። ከዚያ ማን ያቆመዋል። የሞቀ አየር ሲነሳ በየኪሎ ሜትሩ ወደ 10 ዲግሪ ገደማ ይበርዳል፣ የያዘው ተን ጠብታ መሆን ሲጀምር መቀዝቀዙ ይለዝባል፤ ምክንያቱም ተን ሲጤዝ ሙቀት ይለቃል፣ ያ ሙቀት ደመናውን ይበልጥ ይገፋዋል። የጠዋቷ ፀሐይ ከሰዓት ዝናብ ሆና ተመለሰች ማለት ነው። በየመሃሉ ስንጥቅ ሲኖር ደግሞ ሁለት ከፍታ ላይ ያለ ደመና ተመልከቱ። የታችኛው ብዙ ጊዜ ከምዕራብ ወይ ከደቡብ ምዕራብ ይመጣል፣ ጭረት ጭረት የሚመስለው ላይኛው ግን ከምሥራቅ። ክረምቱ ባለ ሁለት ፎቅ ነው።

ጣሳው የሚያስፈልገው አሁን ነው። አፉና ወገቡ እኩል የሆነ፣ ከታች የማይጠብ ቆርቆሮ። ዛፍና ጣሪያ በማይጋርዱት ቦታ አስቀምጡት። ጠዋት ጠዋት ውስጡ ያለውን ውሃ በማስመሪያ ለኩ። አንድ ሚሊ ሜትር ማለት በካሬ ሜትር አንድ ሊትር ነው፣ ሌላ ሒሳብ የለውም። ጣሪያችሁ 50 ካሬ ሜትር ከሆነና 20 ሚሊ ሜትር ከዘነበ አንድ ሺህ ሊትር ወርዶባችኋል፤ ሮቶ ያላችሁ ይሄን አስቡበት።

ከሒሳቡ ውስጥ እኔን ሁሌ የሚያስገርመኝ ጉልበቱ ነው። አንድ ኪሎ ተን ጠብታ ሲሆን ወደ 2.5 ሚሊዮን ጁል ይለቃል። 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንዲት ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ ላይ ደመናው ውስጥ 14 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ተለቋል። ባለ 3,500 ዋት የእንጀራ ምጣድ አራት ሰዓት ቢጣድ ማለት ነው፣ ለአንዲት ካሬ ሜትር ብቻ። ያ ሁሉ ባሕርና ደን ላይ ያረፈ የፀሐይ ጉልበት ነበር። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የሚያመነጨውም ፀሐይ ወደ ደጋ ያወጣችው ውሃ ሲወርድ ነው።

አሁን የመጀመሪያው ነገር ይፈታል። ሐምሌ የሚበርደን ደመናው ብርሃኑን ወደ ሕዋ ስለሚመልሰውና እርጥቡ መሬት ከደረሰው ጉልበት ብዙውን ለትነት ስለሚያውለው ነው።

ስልኩን ክፈቱ

ዊንዲ የሚባለውን መተግበሪያ አውርዱ ወይም ነልስኩል በሚባለው ገጽ ላይ የምድርን ሉል እያሽከረከራችሁ እዩ። ነፃ ናቸው። ከፍታውን 850 ሄክቶፓስካል ላይ አድርጉት፣ አንድ ሺህ አምስት መቶ ሜትር አካባቢ ማለት ነው። የደጋችን ብዙው ክፍል ከዚያ በላይ ስለሆነ እሱ ላይ ያለውን ቀስት አትመኑ፣ በሶማሊያ ጠረፍ ያለውን እዩ። ሐምሌ ላይ ደማቅ ሆኖ ወደ ሰሜን ምሥራቅ የሚሮጠው እሱ ነው። ጥር ላይ ክፈቱት፣ ተገልብጦ ታገኙታላችሁ። በየወሩ አንዴ ሥዕሉን ስልካችሁ ላይ አስቀምጡና ዓመት ሲሞላ ደርድራችሁ እዩ።

ቀጥሎ የባሕር ወለል ሙቀት የሚለውን ምረጡ። "ከመደበኛው ልዩነት" የሚል አማራጭ ካለ እሱን። ሁለት ቦታ ብቻ ተመልከቱ።

አንዱ የፓስፊክ መሃል ነው፣ የምድር ወገብ ላይ። በደህናው ጊዜ እዚያ ነፋሱ ሞቃቱን ውሃ ወደ ኢንዶኔዥያ ገፍቶ ያከማቸዋል። ነፋሱ ሲደክም ውሃው ወደ ምሥራቅ ይመለሳል፣ ኤል ኒኞ ይባላል። ከመደበኛው ግማሽ ዲግሪ በላይ ሆኖ ለወራት ከቆየ ባለሙያዎች ስም ይሰጡታል። ደመና የሚነሳበት ቦታ ስለሚሸጋገር ሌላ ቦታ አየር ይወርዳል፣ የክረምታችን የላይኛው ፎቅ ነፋስም ይዳከማል። በ2007 ዓ.ም. ክረምት የሆነው ይሄ ነው፤ ዝናቡ ከሸፈ፣ በቀጣዩ ዓመት 10.2 ሚሊዮን ሰው የምግብ እርዳታ እንደሚያስፈልገው መንግሥትና ረጂዎች አስታወቁ። ደቡቡ ግን ተቃራኒ ነው። ኤል ኒኞ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ለቦረናና ለሶማሌ ብዙ ጊዜ ዝናብ ይጨምራል፣ የሚያደርቃቸው ግልባጩ ላ ኒኛ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ እስከ 2022 መጨረሻ በተከታታይ አምስት ወቅት ዝናብ ሲከሽፍባቸው ላ ኒኛ ነበር።

ሁለተኛው ቦታ ሕንድ ውቅያኖስ ነው። የአፍሪካው ወገን ከኢንዶኔዥያው ወገን ሲሞቅ የእኛ ደቡብና ምሥራቅ ይጥለቀለቃል። እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻ ጎርፉ የመጣው፣ የአንበጣውም መንጋ እርጥብ መሬት አግኝቶ የተራባው በዚያ ነው።

ትንበያውን ስታነቡ

የኢትዮጵያ ሜትዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ከክረምት፣ ከበጋና ከበልግ በፊት የወቅት ትንበያ ያወጣል፣ ናይሮቢ ያለው የኢጋድ የአየር ንብረት ማዕከልም ለቀጠናው። ዜናው "ዘንድሮ ዝናቡ ጥሩ ነው" ብሎ ያሳጥረዋል። ዋናውን ሰነድ ፈልጉ። ካርታው ላይ ለየአካባቢው ሦስት ቁጥር ታያላችሁ፦ ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛና ከመደበኛ በታች የመሆን ዕድል። ምንም መረጃ ባይኖር ሦስቱም 33 ይሆኑ ነበር። ለምሳሌ 45፣ 35፣ 20 ከተባለ ወደ ዝናብ ያጋደለ ነው፣ ግን ከአምስት አንድ ጊዜ ደረቅ የመሆን ዕድል አለው። 45 ማለት ይዘንባል ማለት አይደለም፤ ይህን ሳያዩ ዘራቸውን በሙሉ አንድ ቀን ላይ የሚበትኑ አሉ።

ሌላም ነገር አለ። የወቅቱ ድምር መደበኛ ሆኖ መሃል ላይ የሦስት ሳምንት ድርቀት ሊመጣ ይችላል፣ ድምሩ ግን አያሳየውም። ስለዚህ ዘር ለመዝራት የወቅቱን ትንበያ ለዘር ምርጫ ተጠቀሙበት፤ ረጅም ጊዜ የሚወስድ ማሽላ ወይስ ቶሎ የሚደርስ ጤፍ የሚለውን ለመወሰን። የሚዘራበትን ቀን ግን ከየአሥር ቀኑ ትንበያና ከራሳችሁ ጣሳ ውሰዱ።